ስለ ዓለም ዙሪያ የሸራ ጀልባ ውድድርና ስለ መጨረሻው መንገድ

እኛ በደራ የምንማር ተማሪዎች ከባሕር ርቀን የምንኖር ነን። ሰፊ ውኃ ሲባል የምናስበው የቆቃን ወይም የዝዋይን ሐይቅ ነው። ሆኖም በጂኦግራፊ ክፍል ስለ ኬክሮስና ስለ ኬንትሮስ በተማርን ጊዜ፥ ይህ ትምህርት በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማወቅ ፈለግሁ። መልሱን ያገኘሁት በአንድ የሸራ ጀልባ ውድድር ታሪክ ውስጥ ስለ ሆነ ከዚህ በታች ባጭሩ እገልጻለሁ።

በ1960 ዓ.ም. ሰንደይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ፥ ብቻውን ሆኖ ወደብ ሳይገባና ከማንም ርዳታ ሳይቀበል ዓለምን በሸራ ጀልባ ለሚዞር ሰው ሽልማት አዘጋጀ። አስቀድሞ ለሚደርሰው የወርቅ ሉል የተባለ ዋንጫ፥ በጥቂት ቀን ለሚጨርሰው ደግሞ 5,000 ፓውንድ ተመደበ። 9 ሰዎች ተነሡ፤ የጨረሰው ግን አንድ ብቻ ነው። እርሱም ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን የተባለ መርከበኛ ሲሆን በተነሣ ጊዜ ዕድሜው 29 ዓመት ነበር። ሱሃይሊ የተባለችው ጀልባው በሕንድ አገር በቦምቤይ የተሠራች ስትሆን ርዝመቷ 10 ሜትር አይሞላም። ሰኔ 7 ቀን 1960 ዓ.ም. ከፋልማውዝ ወደብ ተነሥቶ ሚያዝያ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በ312 ቀን ወደዚያው ተመለሰ።

በጀልባዋ ላይ ኑሮው እንዴት ነበር? ብቻውን የሚጓዝ መርከበኛ አዛዡም፥ ወጥ ሠሪውም፥ አናጢውም፥ ሸራ ሰፊውም እርሱ ራሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መተኛት አይችልም፤ ጥቂት አሸልቦ ተነሥቶ ነፋሱንና ሸራውን ያያል። ኖክስ-ጆንስተን የያዘው ውኃ ስለ ተበላሸበት የዝናብ ውኃ እያጠራቀመ ይጠጣ ነበር። መሪውን ያለ ሰው የሚይዘው መሣሪያ ተሰበረበት። ሬዲዮኑም ስለ ተበላሸ፥ ኒውዚላንድን ካለፈ በኋላ ከ4 ወር በላይ በሕይወት መኖሩን ያወቀ ሰው አልነበረም።

ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በሴክስታንትና በሰዓት ነበር። በቀትር የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ኬክሮሱን ያገኛል። ለኬንትሮስ ግን የግሪንዊችን ጊዜ የሚያሳይ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል። ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ለ1 ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሳል። ደራ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ 39 በ4 ሲባዛ 156 ደቂቃ፥ ይኸውም 2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ በፀሐይ አቈጣጠር በደራ ቀትር ሲሆን በግሪንዊች ገና ከጧቱ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። እንግዲህ የመርከበኛው ሰዓት 1 ደቂቃ ቢሳሳት፥ በምድር ወገብ ላይ ስሕተቱ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በውቅያኖስ መካከል ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ዐለት ወዳለበት የባሕር ዳር ሲቀርቡ ግን ጀልባ ለመስበር ይበቃል። ዛሬ ይህን ሥራ ሳተላይት ይሠራዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሻርሊ ዳሊን በቫንዴ ግሎብ ውድድር ዓለምን ብቻውን የዞረው በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ነው።

አበው «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» እንዳሉ፥ በባሕር ውድድር የሚከብደው መጨረሻው ነው። ሰውየው ደክሟል፥ ሸራው አርጅቷል፥ ገመዱ ሳስቷል። በዚያው ውድድር ናይጀል ቴትሊ የተባለው ሰው ዓለምን ዞሮ ወደ አገሩ ሲቃረብ፥ ዶናልድ ክሮውኸርስት ከኋላው በፍጥነት እየመጣበት እንደሆነ ሰማ። የተጎዳች ጀልባውን አስጨንቆ ነዳት፤ ግንቦት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሰጠመችበት። እርሱ ግን በነፍስ ማዳኛ ጀልባ ተረፈ።

የሚያሳዝነው ወሬው እውነት አልነበረም። ክሮውኸርስት ከአትላንቲክ ሳይወጣ ዓለምን እንደ ዞረ አድርጎ በሬዲዮ ያስታውቅ ነበር። ሐምሌ 3 ቀን 1961 ዓ.ም. ጀልባው ባዶዋን ተገኘች፤ እርሱ ግን አልተገኘም። የገንዘቡ ሽልማት ለኖክስ-ጆንስተን በደረሰው ጊዜ 5,000 ፓውንዱን በሙሉ ለክሮውኸርስት ባለቤትና ልጆች ሰጠ።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፥ ሐሰት የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ የቴትሊን ጀልባ ያሰጠማት ያላየው ሰው የላከው ቃል ነው። በፈተና ከጓደኛው የሚቀዳ ተማሪም «ማንን ጎዳሁ?» ይላል፤ ነገር ግን በሐቅ የሚያጠናው ጓደኛው በሐሰተኛው ማርክ ራሱን እየለካ ተስፋ ይቈርጣል። ሁለተኛ፥ ከመነሣት ይልቅ መጨረስ ይበልጣል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የዓመቱ ፈተና በቀረበ ጊዜ ሰዓታችንን አስተካክለን፥ ያረጀውን ሸራ ሰፍተን፥ በራሳችን ነፋስ እንጓዝ።