ስለ መዘምራን መሪዎችና ስለ አውራጆቻቸው

አንባቢ ሆይ፥ በአንድ አጥቢያ ወይም በአንድ መንደር ሰዎች ተሰብስበው በኅብረት ሲያዜሙ አይተህ እንደ ሆነ፥ ሁለት ሰዎች ከሌሎቹ ተለይተው እንደሚታዩ ሳታስተውል አልቀረህም። አንደኛው እጁን እያነሣና እያወረደ የሚመራው ነው፤ ሁለተኛውም ሌሎቹ ዝም ብለው ሳሉ ብቻውን ድምፁን የሚያሰማው አውራጅ ነው። የቀሩት ተቀባዮች ናቸው። ብዙ የመዘምራን ማኅበር የሚፈርሰው ከተቀባዮቹ ጉድለት የተነሣ አይደለም፤ ከእነዚህ ከሁለቱ የተነሣ ነው እንጂ። መሪው ወገን ይለያል፥ አውራጁም ማኅበሩ ሁሉ ለእርሱ ድምፅ የተሰበሰበ ይመስለዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ልምምዱ የሚደረግበት ቤት ባዶ ይሆናል።

አውራጅ የሚለውን ቃል ራሱን መርምር። አውራጅ ዜማውን ያወርዳል፤ ያወረደውን የሚቀበል ባይኖር ግን ዜማው በምድር ላይ ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ በስሙ ውስጥ ሌሎች ሰዎች አሉበት። ይህም ሥርዓት በአገራችን አዲስ አይደለም። በማኅሌት ጊዜ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ያዜመውን ሌላው ወገን ይቀበላል። ማንም ሰው ድምፁ ስላማረ ብቻ በዚያ ስፍራ አይቆምም፤ ብዙ ዓመት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን ያጠና ነው እንጂ።

በመጽሐፈ ዜና መዋዕልም የተጻፈውን ተመልከት። ንጉሥ ዳዊት የለያቸው መዘምራን 288 ነበሩ፤ በ24 ክፍልም ተመደቡ። ተራቸውን ያገኙት ግን በዕጣ ነው፤ ታላቁና ታናሹ፥ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ እኩል ዕጣ ተጣጣሉ። ከእነርሱ መካከል ድምፀ መልካሞች አልጠፉም ይሆናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ስፍራ በድምፅ ብልጫ ይከራከሩበት ዘንድ አልተተወላቸውም።

አሁን ደግሞ ለእኛ ዘመን ቀረብ ስላለ፥ መሪና አውራጅ ምን እንደሚያደርጉ በግልጥ ስለሚታይበት ማኅበር እነግርሃለሁ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን ቁጥር ናቸው)። በአሜሪካ፥ በቴነሲ ግዛት፥ በናሽቪል ከተማ ፊስክ የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1866 ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች ተከፍቶ ነበር። በ1871 ግን ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ደረሰ። ያን ጊዜ የቤቱ ገንዘብ ያዥ የነበረው ጆርጅ ዋይት ዘጠኝ ወጣቶች ይዞ፥ እየዘመሩ ርዳታ ሊለምኑ በኦክቶበር 6 ቀን ከከተማው ወጣ። ዋይት የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ ከሙዚቃ ትምህርት ቤትም የወጣ አልነበረም። መጀመሪያ ያገኙት ገንዘብ ሃምሳ ዶላር ያህል ነበረ፤ እነርሱ ራሳቸው ድኾች ሳሉ ያንኑ በቺካጎ ከተማ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሰጡት።

እነዚህ ወጣቶች በመጀመሪያ ያዜሙ የነበረው ሌሎች ሰዎች በጉባኤ የሚያዜሙትን ነበረ። ወላጆቻቸው በባርነት ሳሉ የዘመሩትን መዝሙር በሰው ፊት ማሰማት ያፍሩና ይፈሩ ነበር፤ ለእነርሱ የተቀደሰና የመከራ መታሰቢያ ነበረና። በ1871 በኖቬምበር ወር በኦበርሊን ከተማ በአገልጋዮች ጉባኤ ፊት ያን መዝሙር ባሰሙ ጊዜ ግን የሰሚው ልብ ተነካ። የዚያ ዜማ ጠባይ ከእኛው ጋራ ይመሳሰላል፤ አንድ ድምፅ ያወርዳል፥ ሌሎቹም ይቀበላሉ። ማጊ ፖርተርና ጄኒ ጃክሰን በከፍተኛው ድምፅ የታወቁ ሴቶች ነበሩ። ዋይት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው በቀስታ ማዜምን ነበረ። ድምፆቹ ተዋሕደው እንደ አንድ እስኪሰሙ ድረስ፥ ማንም ከማንም እስከማይለይ ድረስ፥ ሰዓት በሰዓት ላይ ያስጠናቸው ነበር። መጮኽ ለማንም ይቻላል፤ በቀስታ እያዜሙ ቃሉን ማሰማትና ዜማውን ሳያወርዱ መጠበቅ ግን ልምምድ ይጠይቃል።

ከዘጠኙ አንዲቱ ኤላ ሼፐርድ ትባል ነበር፤ ስለ እርሷ ጥቂት መቆየት ይገባል፥ የሰው ዓይን አውራጁን እንጂ እንዲህ ያለውን ሰው አያይምና። በ1851 በባርነት ተወለደች። አባቷ ዋጋዋን ከፍሎ ነጻ አወጣት፤ እናቷ ግን በባርነት ቀረች። በሲንሲናቲ ከተማ ፒያኖ ስትማር፥ ጥቁር ስለ ሆነች መምህሩ በሌሊት በጓሮ በር ትግባ ብሎ ነው ያስተማራት። በ1868 ወደ ፊስክ ስትመጣ በእጇ የነበረው ስድስት ዶላር ነው፤ የልብሷ ሣጥንም ከማነሷ የተነሣ ልጆቹ ይሥቁባት ነበር። በጉዞው ሁሉ ፒያኖ የምትመታ እርሷ ነበረች፤ የዋይትም ረዳት ሆና መዘምራኑን ታስጠና ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በእያንዳንዱ ማኅበር አለ፤ ቀድሞ ይመጣል፥ ቃሉን ይጽፋል፥ የዘገየውን ለብቻው ያስጠናል። መሪ ሆይ፥ ይህን ሰው በማኅበሩ ፊት በስሙ ጥራው።

በ1872 ሃያ ሺህ ዶላር ይዘው ተመለሱ፤ በ1873 በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት አዜሙ፤ ባገኙትም ገንዘብ የተሠራው ታላቅ ቤት በ1876 ተመረቀ። ነገር ግን ዋጋውን አትርሳ። ከሁሉ ታናሽ የነበረችው ሚኒ ቴት ስትነሣ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በየከተማው ያለ ዕረፍት ሲያዜሙ ብዙዎቹ ታመሙ፤ ዋይትም ራሱ ሳንባውን ታሞ ደከመ። በ1878 ማኅበሩ ተበተነ። መልካም ሥራ ነው ተብሎ የሰው ጉሮሮ እንደ ጋማ ከብት ጀርባ ሊጫን አይገባም፤ የመሪ ቅንዓት ለዘማሪው ጤና ልጓም ካልተበጀለት እንዲህ ያደርሳል። በእኔ አሳብ የፊስክ ታሪክ ሲነገር ብዙዎች ንግሥቲቱን ያነሣሉ፥ በሽተኞቹን ግን ያልፋሉ።

እንግዲህ አንተ በአጥቢያህ ሃያ ወይም ሠላሳ ሰዎች እንድትመራ ተሰጥቶህ እንደ ሆነ፥ ይህን አድርግ። አውራጅ ስትመርጥ ፊታቸውን አትይ፤ ጀርባህን ሰጥተህ ስማ። የዘመድህ ልጅ፥ ወይም ለማኅበሩ ልብስ የገዛው ባለጠጋ ልጅ ከመካከላቸው ብትሆን፥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ከአንተ ጋራ ይስሙ። ምክንያትህንም በግልጥ ተናገር፤ ዜማው ለድምፅዋ ከፍ ይላል፥ ወይም ቃሉ ከአፍዋ ጥርት ብሎ አይወጣም በል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ምክንያት ይፈጥራል።

ለአንድ ዜማ አንድ አውራጅ ብቻ አታዘጋጅ፤ ሁለተኛ ሰው ያንኑ ይማር፤ በየጊዜውም ያዚም እንጂ የፊተኛው ሲታመም ብቻ አይፈለግ። ጉሮሮዋን የታመመች ሴት በግድ አታዚም፤ ድምፁ በጉርምስና የሚለወጥ ወንድ ልጅም ከፍ ያለውን ዜማ ይተው።

ስለ እጅህ ደግሞ፥ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት እጅህን ስታነሣ መዘምራኑ በዚያ ይተነፍሳሉ፤ የዜማውንም ፍጥነት የሚያውቁት በዚሁ ነው። እጅህ ፈጥኖ ቢነሣ ፈጥነው ይጀምራሉ፤ በኋላ ብትገሥጻቸው በደሉ የአንተ ነው። በረዥም ዜማ ሁሉ በአንድነት ቢተነፍሱ ዜማው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጎረቤታሞች እየተፈራረቁ ይተንፍሱ። ያለ መሣሪያ ሲያዜሙ ድምፅ ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የፒያኖውን ወይም የክራሩን ድምፅ ነክተህ ምን ያህል እንደ ወረዱ አሳያቸው።

አውራጅ የሆንህ ሆይ፥ ለአንተ የሚከብደው ብቻህን ማዜም አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተቀባዮቹ መመለስ ነው። ክፍልህን ከፈጸምህ በኋላ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ በአጠገብህ ያለውን እስክትሰማው ድረስ አዚም። ጎረቤትህን ካልሰማኸው በጣም ጮኸሃል። ልምምድም ለእኔ አያስፈልገኝም ብለህ አትቅር፤ ተቀባዮቹ የት እንደምትተነፍስና የት እንደምታዘገይ የሚማሩት በዚያ ነው።

በፊስክ ከ1994 ጀምሮ መሪ የነበረው ፖል ክዋሚ የጋና ሰው ነበረ፤ ተማሪ ሳለ ከመዘምራኑ ጋራ ተሰልፎ ያዜም ነበር። በ2022 እስኪሞት ድረስ መራቸው፤ በ2021ም ማኅበሩ ግራሚ የሚባለውን ሽልማት ተቀበለ። ተቀባይ የነበረ ሰው መሪ ሲሆን፥ በሁለተኛው ረድፍ የቆመው ምን እንደሚሰማና ምን እንደማይሰማ ያውቃል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አውራጅዋ በጉባኤ ፊት ቃሉ ቢጠፋባት ምን ታደርጋለህ? እጅህን አታቁም፥ ፊትህንም አታጥቍር። ቃሉን በከንፈርህ ያለ ድምፅ ስጣት፤ ተቀባዮቹም አፋቸውን ዘግተው ዜማውን በቀስታ ይያዙላት፤ ይህንም አስቀድመህ አለማምዳቸው። በዚያ ምሽት ስለ ነገሩ አትናገራት። በሚመጣው ልምምድ ያንኑ ዜማ ከሁሉ በፊት እርሷ ታውርደው።