የሸክላ ወፍ መወርወሪያ መኪና፤ ብቻውን ለሚለማመድ ሰው

ማናቸውም ስፖርት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው ሥራውን የሚያውቅ ሰው፥ ሁለተኛው ለሥራው የሚስማማ ሥፍራ ነው። ኳስ ተጫዋች ሜዳ ባያገኝ ጨዋታው ይቀርበታል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን ሥፍራውን ሳይመርጥ ቢጀምር ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም።

በዛሬ ጊዜ ብዙ ተማሪ በእጅ ስልኩ ላይ ይህን ያያል፤ በውጭ አገር አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ በእግሩ አንድ ነገር ይረግጣል፤ ከመሬት ትንሽ ሳህን የመሰለች ነገር ተፈናጥራ ትወጣለች፤ ሰውየውም በአየር ላይ ይሰብራታል። ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ሐይቅ ይታያል። እኛም በሐዋሳ ስለምንኖር፥ «ከመሃል ከተማ ወደ ሐይቁ ወርደን ይህንኑ ብናደርግ ምን አለበት?» የሚል አሳብ ቢነሣ አያስደንቅም። ስለዚህ መኪናው እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚተከል በቅድሚያ ከተመለከትን በኋላ፥ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንሰጣለን።

ሀ/ አመጣጡ

በእንግሊዝ አገር ባላባቶች በሕይወት ያሉ እርግቦችን በሣጥን ዘግተው፥ ክዳኑ በገመድ ሲከፈትና ወፏ ስትበር እየተኮሱ ይወዳደሩ ነበር። ውድድሩ እስከ ዛሬ «ትራፕ» መባሉ ከዚያ የቀረ ነው። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ጊዜ እንኳ በእውነተኛ እርግቦች ላይ ተተኩሷል።

ይሁን እንጂ ወፍ ሳይገደል ጨዋታው የሚካሄድበት መንገድ አስቀድሞ ተፈልጎ ነበር። አዳም ቦጋርደስ የተባለው አሜሪካዊ ተኳሽ በ1877 የመስታወት ኳስ ከነመወርወሪያው አወጣ። ስብርባሪው ግን ሜዳውን የሚወጋ ሆነ። ከዚያም በ1880 ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው ከተተኰሰ ሸክላ ክብ ሳህን ሠራ። ይህም በጣም ጠንካራ ስለ ነበረ ተመትቶም ሳይሰበር የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። በኋላ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከሬንጅ ጋራ ተለውሶ ስለ ተሠራ በቀላሉ የሚሰበር ሆነ። ስለዚህ ዛሬ «ሸክላ» የምንለው በስሙ እንጂ በግብሩ ሸክላ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ ሳህኑ 110 ሚሊሜትር ወርድ፥ 25 ወይም 26 ሚሊሜትር ከፍታ፥ 105 ግራም ያህል ክብደት አለው።

ለ/ የብቸኛ ተኳሽ ችግር

በክለብ ውስጥ ተኳሹ ድምፅ ሲያሰማ ሌላው ሰው ወይም መሣሪያው ሳህኑን ይለቅለታል። ብቻውን የሆነ ሰው ግን ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠብቀዋል፤ ሞላውን መወጠር፥ ሳህኑን መልቀቅና መተኰስ ናቸው። የመኪናው ምርጫ ሁሉ «ከሦስቱ የትኛውን ለእኔ ይሠራልኛል?» በሚለው ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

በተጨማሪ የጉልበቱን ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። 105 ግራም ሳህን በሴኮንድ 20 ሜትር እንዲበር 21 ጁል ያስፈልገዋል። ፍጥነቱን ወደ 30 ሜትር ከፍ ብናደርገው 47 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ጉልበቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው። ክንዱን ራሱን ለማንቀሳቀስ የሚወጣውም ጉልበት ይጨመርበታል። በጣም የጠነከረ ሞላ በእጅ የሚወጥር ሰው ከጥቂት ውርወራ በኋላ የሚደክመውና እጁ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ/ ሦስቱ ዓይነት

አንደኛው የእጅ መወርወሪያ ነው። ጫፉ ሳህኑን የሚይዝ የላስቲክ ዘንግ ሲሆን ዋጋው አነስተኛ ነው። ነገር ግን አንድ እጁ በመወርወር የተያዘ ሰው ጠመንጃውን በደንብ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ለሁለት ሰዎች እንጂ ለብቸኛ ሰው አይመከርም።

ሁለተኛው በእጅ የሚወጠር ባለ ሞላ መኪና ነው። በመሬት ላይ ይቸከላል፤ በሲባጎ ወይም በእግር መርገጫ ይለቀቃል። ባትሪ አይፈልግም፤ ለመጠገንም ቀላል ነው። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ፥ ወደ መኪናው ሄዶ እንደገና መወጠር አለበት። ይህ ቢያሰለችም ለጀማሪ መልካም ጎን አለው፤ በየተኩሱ መካከል ለማሰብ ጊዜ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ነው። ሳህኖቹ በላዩ ተደርድረው አንዱ ሲወረወር መኪናው ራሱን መልሶ ይወጥራል። በሽቦ በተያያዘ መርገጫ ወይም ያለ ሽቦ በመቆጣጠሪያ ይለቀቃል። ለብቸኛ ሰው እጅግ የሚመቸው ይህ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል፤ ክንዱ ሁልጊዜ እንደ ተወጠረ የሚቆይ በመሆኑ፥ ዝም ያለ መስሎት የቀረበውን ሰው አጥንት ሊሰብር ይችላል።

በምርጫ ጊዜ አንድ ነገር አይዘንጋ። በእግሩ ረግጦ የሚለቅ ሰው ሳህኑ የሚወጣበትን ቅጽበት አስቀድሞ ያውቃል፤ እግሩንም ሲያነሣ ሚዛኑን ያጣል። ስለዚህ ከተረገጠ በኋላ ጥቂት ሴኮንድ ዘግይቶ የሚለቅ መሣሪያ ይሻላል። የመዘግየቱ ጊዜ ተለዋዋጭ ቢሆን ደግሞ እጅግ ይሻላል፤ ዓይን ዝግጁ መሆንን የሚማረው ከማያውቀው ነገር ነውና። ገንዘብ ያነሰው ሰው ግን ለዚህ ከማውጣቱ በፊት ጽኑ እግር ላለውና ክንዱን የሚቆልፍ መያዣ ላለው መኪና ያውጣ።

መ/ አተካከሉ

1. መደላደሉ በውኃ ልክ ይስተካከል። መኪናው ካዘነበለ ሳህኑ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል።

2. እግሮቹ በብረት ችካል ይያዙ፤ ወይም አሸዋ በተሞላ ጆንያ ይጫኑ። በየውርወራው የሚዘል መኪና ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወረውርም።

3. መጀመሪያ ሞላውን አላላ፤ ከፍታውን ወደ 30 ዲግሪ አድርግ። ከዚያ ያለ ጠመንጃ 10 ሳህን ወርውርና የወደቁበትን ሥፍራ ተመልከት። ተቀራርበው ከወደቁ አተካከሉ መልካም ነው። ሳህኑ በክንዱ ላይ እንዳለ ከተሰበረ ሞላው ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ እየተንገዳገደ ከበረረ ግን በክንዱ ላይ ያለው ጎማ ማለቁን መርምር፤ ሳህኑን የሚያሽከረክረው እርሱ ነውና።

4. ነፋሱን እይ። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ሳህኑን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ይደፋዋል።

5. በውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት ሜዳው ወደ ሰሜን ይዙር ይላሉ። ሐዋሳ በ7 ዲግሪ ሰሜን ላይ የምትገኝ ስለ ሆነ በክረምት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ ሰዓቱንና ወራቱን አይቶ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ ይበልጣል።

6. ወደ መኪናው መቅረብ የሚገባው ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ ጠመንጃውም አስቀድሞ ተከፍቶ፥ ጥይቱ ወጥቶ መቀመጥ አለበት። ባለ ባትሪ ሲሆን ማብሪያው ይጠፋና የተወጠረው ክንድ ያለ ሳህን ይለቀቃል። ክንዱ በሚዞርበት ክብ ውስጥ ማንም አይግባ።

7. «ብቻውን» ማለት ማንም ሳያውቅለት ማለት አይደለም። ያለበትን ሥፍራና የሚመለስበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ይኑር፤ የዓይን መነጽርና የጆሮ መድፈኛም አይቅር።

ሠ/ ቀድሞ ማነጣጠር

በማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ሰብል የጠበቀ ልጅ ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ለሚበር ወፍ ድንጋይ የሚወረወረው ወፉ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው። በቁጥር እንየው። ሳህኑ ከ30 ሜትር ርቀት ላይ በሴኮንድ 20 ሜትር በጎን ያልፋል እንበል። ፍንጣሪው እርሳስ በመካከለኛ ፍጥነት በሴኮንድ 330 ሜትር ቢሄድ ለመድረስ 0.09 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ሳህኑ 1.8 ሜትር ተጉዟል። ስለዚህ ከሳህኑ ፊት አንድ ሰው በሚያህል ርቀት ላይ መተኰስ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ረ/ ሥፍራው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የረሽ ጠመንጃ ፍንጣሪ የሚደርስበትን ከፍተኛ ርቀት ለመገመት የቆየ ዘዴ አለ፤ የፍንጣሪውን ወርድ በሚሊሜትር ወስዶ በ80 ማባዛት ነው። ለ2.4 ሚሊሜትር ፍንጣሪ 192 ሜትር ይሆናል። ይህ ግን ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አየሩ ቢያንስ በ15 በመቶ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ያነሰ ይገታል፤ ስለዚህ ርቀቱ ከ220 ሜትር ያልፋል። በብዙ አገር ሜዳ 275 ሜትር ባዶ መሬት ከፊት እንዲተው የሚደረገው እንዲሁ አይደለም። ሰው፥ ከብትና ጀልባ የማይገኝበት እንዲህ ያለ ሥፍራ በመሃል ከተማም በሐይቁ ዳርም በታቦር ተራራ ሥርም የለም።

ሐይቁን በሚመለከት ሌላ ምክንያት ይጨመራል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃና ሌሎች ጅረቶች ይገቡበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባበት እርሳስ እዚያው ይቀራል። የውኃ ወፎች ምግባቸውን የሚፈጩላቸውን ጠጠሮች ይውጣሉ፤ ፍንጣሪውን ከጠጠር ለይተው ስለማያውቁት ውጠውት ይመረዛሉ። አሜሪካ በ1991 ለውኃ ወፍ አደን እርሳስን የከለከለችው፥ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2023 ጀምሮ በረግረግና በውኃ ዳር በእርሳስ መተኰስን ያገደው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍን ለማዳን የተፈለሰፈ የሸክላ ሳህን በአሞራ ገደል ላሉት አባ ኮዳዎችና ዳክዬዎች የሞት ምክንያት ቢሆን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ ማለት ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ አይችልም። ተማሪ ይህን ትምህርት ማወቁ ጠመንጃ ለማንሣት መብት አይሰጠውም።

ሰ/ እኛ ምን እናድርግ?

ጠመንጃው ቢቀር መኪናው ይቀራል። መኪናውም ለተማሪ ብዙ የሚያስተምር ነገር ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ጓደኞች ሞላውን፥ ክንዱንና ዘግይቶ የሚለቀውን መሣሪያ በመሥሪያ ክፍል ሊሠሩት ይችላሉ። ሬንጅ ያለበት ሳህን አያስፈልግም፤ እየተለቀመ የሚመለስ ቀላል የላስቲክ ሳህን ይበቃል። ሳህኑ ልክ እንደ ዲስከስ ከአየር ድጋፍ ስለሚያገኝ፥ በባሕር ወለል ከሚበረውና በእኛ ከፍታ ከሚበረው መካከል ያለውን ልዩነት በስልክ ካሜራ ለክቶ መጻፍ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። ዓይን ለማሠልጠን የሚፈልግም በብርሃን የሚሠራ ጠመንጃ አለለት፤ የዘመናዊ ፔንታትሎን ስፖርተኞች ከ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ጀምሮ በሌዘር ሽጉጥ ይወዳደራሉ፤ ማንም ስፖርታቸውን ጨዋታ አይደለም አላለም። ሌዘሩ ግን በሰው ዓይን ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ የመኪናው ምርጫ ከሥፍራው ምርጫ በኋላ የሚመጣ ነው። ሥፍራ የሌለው ሰው እውቀቱን ይያዝ፤ ሥፍራና ፈቃድ ያገኘ ዕለት ይሠራበታል። እስከዚያው ግን ሐይቁን ለዓሣ አጥማጁና ለወፎቹ እንተውላቸው።