የፈቃድ ምደባ ስሕተት በአውቶሜሽን ፕለጊኖች፦ የጄንኪንስ ጉዳይ

የሐረር ጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲታነጽ አምስት በሮች ነበሩት፤ ፈላና በር ከእነዚህ አንዱ ነው። ለተሽከርካሪ መግቢያ የሚሆነው ስድስተኛው በር የተከፈተው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ለነባሮቹ በሮች የቆመ ዘበኛ አዲሱን በር አይጠብቅም። በሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ፕለጊንም እንዲሁ ነው።

ጄንኪንስ የሶፍትዌር ግንባታን፣ ሙከራንና የደኅንነት ፍተሻን በራስ ሰር የሚያከናውን ክፍት ምንጭ መሣሪያ ነው። ተግባራቱ ከማንበብ እስከ ማስተዳደር በፈቃድ ደረጃ ይመደባሉ። ይሁን እንጂ ፈቃዱን የመፈተሽ ኃላፊነት በየፕለጊኑ ጸሐፊ ላይም ይወድቃል። በመሣሪያው የደኅንነት ማስታወቂያዎች ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት ግንኙነትን በሚሞክረው አዝራር ላይ ነው። ተግባሩ ቅንብርን ብቻ የሚያረጋግጥ ስለሚመስል ከንባብ ይቆጠራል፤ በተጨባጭ ግን የተከማቸን የይለፍ ቃል ተጠቃሚው ወደ መረጠው አድራሻ ይልካል። በመሆኑም የማንበብ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የምስጢሩን መለያ ካወቀ፣ አድራሻውን ወደ ራሱ ሰርቨር አዙሮ ምስጢሩን መውሰድ ይችላል።

ማረሚያው ተግባሩን ከፍ ካለ ፈቃድ ጋር ማሰርና ጥያቄውን በፖስት ዘዴ ብቻ መቀበል ነው፤ ሁለተኛው እርምጃ የሌላን ተጠቃሚ አሳሽ ተጠቅሞ የሚሰነዘርን የሐሰት ጥያቄ ይከላከላል። ሳልትዘርና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስቀመጡት፣ እያንዳንዱ መዳረሻ ሊፈተሽ፣ በግልጽ ያልተፈቀደውም ሊከለከል ይገባል። ስለዚህ ፈቃድ መመደብ ያለበት በተግባሩ ስም ሳይሆን በሚያስከትለው ውጤት ነው።