ባለ ጺም እንሽላሊትን ስለ ማጠብና ከእጣቢው ስለ መጠንቀቅ

ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ነገር ግን አንዱ ሲነጻ እድፉ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በቤት የሚኖር እንስሳ ሲታጠብ እጣቢው ወዴት ይደፋል? ያጠበውስ እጅ ቀጥሎ ምን ይነካል? በዚህ ወር ትምህርታችን ይህን ነገር በአንድ እንግዳ እንስሳ ምሳሌነት እንመለከታለን።

እንስሳው ባለ ጺም እንሽላሊት ይባላል። የተፈጥሮ አገሩ የአውስትራልያ ደረቅ ምድር ነው። በአገራችን በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከምናየው ገበሎ ጋራ ቅርብ ዘመድ ሲሆን፥ ያደገው ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ሲቈጣ ወይም ሲፈራ በጕሮሮው ሥር ያለውን እሾኻማ ቆዳ ነፍቶ ያጠቍረዋልና ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ጠባዩ ገራም ስለ ሆነ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች በመስተዋት ሣጥን አድርገው በቤታቸው ያኖሩታል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው ይህን እንስሳ ግዙልን ብለው ቢለምኗቸው የሚከተለውን አስቀድመው ማወቅ ይገባቸዋል።

የእንሽላሊት ሰውነት ሙቀቱን የሚያገኘው እንደ ሰው ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ያደነዝዘዋል፥ የበላውንም መፍጨት ያቅተዋል፤ የሚፋጅ ውሃ ደግሞ ያቃጥለዋል። ውሃን በቆዳው ይጠጣል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የሚጠጣው በአፉ ነው። የሚታጠበው እድፉ እንዲለቅ፥ ቆዳውን በሚለውጥበትም ጊዜ አሮጌው ቆዳ እንዲለሰልስ ነው። አስተጣጠቡም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ለእርሱ ብቻ የተለየ ሳፋ ይዘጋጅ። ምግብ የሚሠራበት ዕቃ፥ የወጥ ቤት መታጠቢያ ወይም ሕፃን የሚታጠብበት ሳፋ ፈጽሞ አይሁን።

2ኛ/ የውሃው ሙቀት ከ29 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ ይህም በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለካ።

3ኛ/ የውሃው ጥልቀት ከፊት እግሮቹ ትከሻ አይለፍ። ያለ ችግር ቆሞ ራሱን ከውሃው በላይ ማድረግ ይኖርበታል።

4ኛ/ ሳሙና አይደረግበት። እድፉ በለስላሳ ብሩሽ በቀስታ ይነሣ። ያልለቀቀ ቆዳ በግድ አይላጥ፥ ከሥሩ ያለውን ያቈስላልና።

5ኛ/ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለአንድ አፍታም ቢሆን ብቻውን አይተው፤ የደከመ እንሽላሊት በጥቂት ውሃም ይሰጥማል።

6ኛ/ ከወጣ በኋላ በጨርቅ ደርቆ ወዲያው ወደሚሞቅበት ቦታ ይመለስ። ስለዚህም ማታ ከማጠብ ቀን ማጠብ ይሻላል።

እስከዚህ የተናገርነው ለእንስሳው ደኅንነት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ለቤተ ሰቡ ነው።

በእንሽላሊት፥ በኤሊና በእባብ አንጀት ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እንስሳውን አያሳምመውም፤ ስለዚህ ጤነኛ መስሎ ሳለ ከዓይነ ምድሩ ጋራ ያወጣዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገባም ብዙ ጊዜ በዚያው ይጸዳዳል። እንግዲህ ማጠብ ቆዳውን ያነጻል እንጂ አንጀቱን አያነጻም፤ በሳፋው የቀረው እጣቢ ግን በሽታ የተሞላ ሊሆን ይችላል።

ባክቴሪያው በአፉ የገባበት ሰው ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኵሳት፥ ተቅማጥና የሆድ ቍርጠት ይይዘዋል። ጤነኛ ጐልማሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይድናል። በሕፃናት፥ በሽማግሌዎችና ሰውነታቸው በደከመ ሕሙማን ላይ ግን በሽታው ወደ ደም ገብቶ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ. ም. የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ከዚሁ እንሽላሊት የተነሣ የሳልሞኔላ በሽታ በብዙ ግዛቶች መታየቱን ሲያስታውቅ፥ ከታመሙት የሚበዙት ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። በ2024 ዓ. ም. ደግሞ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ያን ጊዜ ይበልጥ የተጐዱት አንድ ዓመት ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ። ጨቅላ እንሽላሊት ሊያጥብ እንደማይችል ግልጽ ነው። በሽታው ወደ እርሱ የሚደርሰው በታላላቆቹ እጅ፥ በልብሳቸውና በዕቃ በኩል ነው።

ስለዚህ ከማጠብ በኋላ የሚከተለውን መፈጸም ያስፈልጋል።

ሀ/ እጣቢው በመጸዳጃ ቤት ይደፋ እንጂ በወጥ ቤት መታጠቢያ አይደፋ።

ለ/ ሳፋውና ብሩሹ በሳሙና ከታጠቡ በኋላ፥ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ በውሃ በቀጠነ በረኪና ይጽዱ፤ ከዚያም በብዙ ውሃ ይለቅለቁ። በረኪና ከሌላ የማጽጃ መድኃኒት ጋራ አይቀላቀል።

ሐ/ ያጠበው ሰው እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታጠብ፤ ልብሱም ረጥቦ ከሆነ ሕፃን ከማቀፉ በፊት ይለውጥ።

መ/ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንስሳውንም እጣቢውንም አይንካ። ከዚያ በላይ የሆነው በታላቅ ሰው ፊት ብቻ ይንካ፤ ማንም ቢሆን አይሳመው።

ጨቅላ ያለበት ቤት ግን ይህን እንስሳ ባያስገባ ይመረጣል፤ ልጁ እስኪያድግ መጠበቅ ለማንም አይከብድምና።

መምህራን ይህን ትምህርት በክፍል ሲያስረዱ ተማሪዎቻቸውን የሚከተለውን ቢጠይቁ ይጠቅማል። ጤነኛ የሚመስል እንስሳ እንዴት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል? የታጠበ እንሽላሊት ንጹሕ ነው ሊባል የማይቻለው ስለ ምንድን ነው? እንስሳውን ያልነካ ሕፃን በምን መንገድ ይታመማል? ሦስቱን በትክክል የመለሰ ተማሪ፥ ዶሮና ጫጩት ነክቶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ እንዳይቈርስ ምክንያቱን ራሱ ያገኘዋል።