ቀጭን ማማና ከባድ አዟሪ

በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ንፋስ ስልክ ማለት በቀድሞው አማርኛ ሽቦ የሌለው ስልክ፥ ይኸውም ሬዲዮ ማለት ነው። ልጆች ሆይ፥ ስሙ እንዲህ ቢሆንም የሬዲዮን ቃል የሚወስደው ነፋስ አይደለም። እንዲያውም ነፋስ የሬዲዮ ማማ ጠላት ነው።

ደመወዝ ሳይፈልጉ ለትምህርትና ለወዳጅነት ብለው በሬዲዮ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች አማተር ይባላሉ። በአምስት ኪሎ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ተቋቁሞ ተማሪዎች ከብዙ አገሮች ጋር ተነጋግረውበታል። የጣቢያው መጠሪያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው፤ ኢ ቲ የሚለውም ኢትዮጵያን ያመለክታል።

በ1926 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያጊና ኡዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብ አንቴና ሠሩ። እንዲህ ያለ አንቴና ከአዲስ አበባ ጃፓንን ሲፈልግ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ አሜሪካን ሲፈልግ ወደ ሰሜን ምዕራብ መዞር አለበት። የሚያዞረውም ሞተር አዟሪ ይባላል።

ከ1945 በኋላ፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ጊዜ፥ ብዙ የአሜሪካ አማተሮች ከጦር አይሮፕላን የወጣ ሞተር ለአዟሪነት አዋሉ። ሞተሩ በአይሮፕላኑ ላይ ሳለ የፕሮፔለሩን ክንፎች ዘንበልታ ይለውጥ ነበር። እጅግ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው። የብዙዎቹ ማማ ደግሞ ሦስት ቀጫጭን የብረት እግሮች ብቻ ያሉት ነበር። እንግዲህ ከባዱን በቀጭኑ ላይ እንዴት ማኖር ይቻላል?

ያልተማረ ሰው አዟሪውን ወደ አናቱ ያወጣዋል። ብልህ ሰው ግን ወደ ታች ያወርደዋል። አዟሪውን በማማው ውስጥ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከእርሱም ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ያቆማል። ቱቦው በማማው አናት በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንቴናውንም ይሸከማል።

ምክንያቱን በዘንግ ፈትኑት። ረጅም ዘንግ በሁለት እጃችሁ አቁማችሁ ያዙ፤ ጓደኛችሁም ጫፉን ወደ ጎን ይግፋ። እጆቻችሁ ቢቀራረቡ ዘንጉ ያሸንፋችኋል፤ ቢራራቁ ግን በቀላሉ ትይዙታላችሁ። የላይኛው እጅ ኩሽኔታው ነው፤ የታችኛው እጅ አዟሪው ነው። ነፋስ ከኩሽኔታው 1 ሜትር በላይ ያለውን አንቴና በ30 ኪሎ ያህል ቢገፋ፥ ከኩሽኔታው 1 ሜትር በታች ያለ አዟሪ 30 ኪሎ ያህል የጎን ግፊት ያገኘዋል። 2 ሜትር በታች ቢሆን 15፥ 3 ሜትር በታች ቢሆን 10 ኪሎ ብቻ ያገኘዋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፥ ይህ ልዩነት በማዕበል ቀን ማማውን ያድነዋል። ደግሞም ረጅሙ ቱቦ ጥቂት ይጠማዘዛልና፥ አዟሪው ሲነሣና ሲቆም የሚሰጠውን ድንገተኛ ምት ያለዝበዋል።

አዟሪው የሚቀመጥበት ወፍራም የብረት ሰሌዳ ከሦስቱም እግሮች ጋር ይታሰራል፤ በሁለቱ ብቻ ቢታሰር ሸክሙ ያደላል። እግሮቹ አይበሱም፤ የተበሳ ብረት ይደክማልና። ዕቃው በመዘውርና በገመድ ይወጣል፤ ከሥሩም ማንም አይቆምም። የሚወጣው ሰው ቀበቶውን ከማማው ጋር ያስራል፤ መብረቅ ባለበት ቀንም አይወጣም። የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት አጠገብ ማማ አይቆምም።

ልጆች ሆይ፥ ቀጭኑ ማማ ስለ ቅጥነቱ አይናቅም፤ ሸክሙ በሚገባው ስፍራ ቢቀመጥለት ለብዙ ዘመን ይቆማል። ሸክም የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የተሸካሚውን ኃይል ይመርምር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጤፍ ቢፈስ ይለቀማል፤ ማማ በጎረቤት ቤት ላይ ቢወድቅ ግን የጠፋው ነፍስ አይመለስም። ስለዚህ ከፍ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው በታች የሚኖሩትን ያስብ።

ጥያቄ

1. ንፋስ ስልክ ማለት ምን ማለት ነው?
2. አዟሪው ከኩሽኔታው ሲርቅ የጎን ግፊቱ ለምን ይቀንሳል?
3. ለታናሽ ወንድማችሁ ሸክም ስትሰጡ አስቀድማችሁ ምን ልትመረምሩ ይገባል?