ጠላና ፊዚክስ፦ በኑሮ ውድነት ጊዜ ምኑ ይቆጠባል? ምኑስ አይቆጠብም?

ከተማችን ደብረ ታቦር ስሟን የምትጋራው በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። ቡሄ ሲደርስ ሙልሙል ይጋገራል፤ ጠላ ይጠመቃል። ይሁን እንጂ ወሩ ለጠማቂ አስቸጋሪ ነው። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ያለቀበት፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ያለበት፣ ማገዶውም በዝናብ የራሰበት ወቅት በመሆኑ ገብሱም ጌሾውም እንጨቱም በአንድነት ይወደዳሉ። በዚህ ላይ የቅርብ ዓመታት ችግር ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት የገበያን መንገድ አስተጓጉሏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ለውጥም የብርን የመግዛት አቅም ዝቅ አድርጎታል።

ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ አንዲት ጎረቤቴ በአንድ ክረምት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «መምህር፣ ብቅሉን ልቀንስ ወይስ ጌሾውን? ሁለቱንም መግዛት አልቻልኩም።» በውጭ አገር በፊዚክስ የዶክትሬት ትምህርት ጨርሼ የተመለስኩ ሰው ብሆንም የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸውም በራሳቸው ውሳኔ ብቅሉን በግማሽ ቀነሱ። ጠላው ሳይፈላ ቆይቶ ሆመጠጠ፤ አንድ ጋን ሙሉ ተደፋ። ቆጥበው ያተረፉት ጥቂት ብር፣ የከሰሩት ግን የገብሱን፣ የማገዶውንና የሳምንት ድካማቸውን ዋጋ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለጥያቄያቸው የተሰጠ መልስ ነው። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ አንድን ግብአት ከመቀነሳችን በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል።

1. የእያንዳንዱ ግብአት ሥራ

በጠላ አጠማመቅ ውስጥ አራት ተግባራት አሉ። አንደኛው የስታርች ምንጭ ማቅረብ ነው፤ ይህ የአሻሮውና የእንኩሮው ድርሻ ነው። ሁለተኛው ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ሲሆን፣ ይህን የሚሠሩት በበቀለ እህል ውስጥ የሚገኙት ኢንዛይሞች ናቸው። ሦስተኛው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ ነው፤ ሠራተኛው እርሾ ነው። አራተኛው መራራ ጣዕም መስጠትና የአበላሽ ባክቴሪያዎችን መራባት መግታት ሲሆን፣ ይህ የጌሾ ተግባር ነው።

ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው በብዙ መንገድ ሊተካ ይችላል። ሁለተኛው ግን ምትክ የለውም። ገብስ ታምሶ አሻሮ ሲሆን ኢንዛይሞቹ በሙቀት ይጠፋሉ። ስለዚህ የድፍድፉ ስታርች ሁሉ ወደ ስኳርነት የሚለወጠው በብቅሉ አማካይነት ብቻ ነው። የጎረቤቴ ስህተትም ከዚህ ላይ ነበር። ስኳር ሲያንስ እርሾው ይደክማል፤ እርሾው ሲደክም ደግሞ ሜዳው ለአሲድ አምጪ ባክቴሪያዎች ይቀራል።

2. ብቅልን ማርከስ እንጂ መቀነስ አይገባም

የብቅል ወጪ የሚቀንሰው ብቅሉን በቤት በማብቀል ነው። በቅድሚያ 100 የገብስ ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ እንጠቅልል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ90 በታች ከበቀለ ያ ገብስ ለአሻሮ እንጂ ለብቅል አይሆንም። የበቀለውን በፀሐይ እናድርቀው እንጂ እሳት ላይ አናስጣው፤ እርጥብ ብቅል በከፍተኛ ሙቀት ሲደርቅ ኢንዛይሙን ያጣል። የሻገተ ብቅል ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መጣል አለበት። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ በመቁላትም በመፍላትም አይጠፋምና።

ብቅሉ ሥራውን መጨረሱን ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ከድፍድፉ ጥቂት ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ አድርጎ የቁስል አዮዲን ጠብ ያድርግበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ገና ያልተለወጠ ስታርች አለ ማለት ነው። የተሞከረበት ናሙና ይደፋል፤ አይጠጣም።

3. እህሉን መተካት ይቻላል፤ ስኳርስ?

ስታርች ከገብስ ብቻ አይገኝም። በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ ከእንጀራ አልፎ ለጠላ ይውላል፤ በቆሎም እንዲሁ። ነገር ግን የሩዝና የበቆሎ ስታርች ውሃ መጥጦ ለኢንዛይም ክፍት የሚሆነው ከገብሱ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሆነ፣ እንኩሮው በሚገባ መብሰል ይኖርበታል። ከብቅሉ ጋር የሚቀላቀለውም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

«ስኳር ብጨምርስ?» ለሚል ሰው ሂሳቡ ይህ ነው። ከ1 ኪሎ ግራም ስኳር ቢበዛ 540 ግራም ያህል አልኮል ይገኛል። ከ1 ኪሎ ግራም ገብስ፣ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ስታርች ነው ብንል፣ ቢበዛ 340 ግራም ይገኛል። ስለዚህ የ1 ኪሎ ስኳር ዋጋ ከ1 ኪሎ ገብስ ዋጋ ከ1.6 እጥፍ በላይ ከሆነ ስኳሩ ኪሳራ ነው። በቤት ውስጥ ከገብስ የሚገኘው ከዚህ ስለሚያንስ ድንበሩ ወደ 2 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ሆኖም ስኳር ለከብት የሚሰጥ አተላ አያስቀርም፤ ለእርሾውም ከጉልበት በቀር ሌላ ምግብ አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መዘንጋት የለበትም። በ1516 እ.ኤ.አ. በባቫሪያ የወጣው የቢራ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ እንዲጠመቅ ሲደነግግ፣ አንዱ ምክንያት ስንዴው ለዳቦ እንዲቀር ነበር። እብናትንና ላይ ጋይንትን በመሳሰሉ የምግብ እጥረት በሚያውቃቸው ወረዳዎች ይህ ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። ለምግብ የማይበቃ እህል ለጠላ መዋል የለበትም።

4. ትልቁ ብክነት ያለው ከምድጃው ዘንድ ነው

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 91 ዲግሪ ለማድረስ 0.32 ሜጋጁል ይበቃል። ያንኑ ውሃ ለማትነን ግን 2.3 ሜጋጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ሰባት እጥፍ ነው።

ይህ ቁጥር ለእንኩሮ ምን ይነግረናል? የአሻሮው ዱቄት ሲታሽ የሚጨመረው ትርፍ ውሃ ሁሉ በምጣዱ ላይ መትነን አለበት። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 15 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከዚህ ወደ ምጣዱ የሚደርሰው አንድ አሥረኛው ያህል፣ ማለትም 1.5 ሜጋጁል ነው ብንል፣ ለአንድ ሊትር ትርፍ ውሃ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ እንጨት እናቃጥላለን። ስለዚህ ዱቄቱ ስታርቹ እስኪበስል የሚበቃው ውሃ ይሰጠው እንጂ አይጨማለቅ። እንጨቱም ራሱ በክረምት የራሰ ከሆነ ከሙቀቱ ከፊሉ የገዛ ውሃውን ለማትነን ይውላል፤ አስቀድሞ በጣራ ሥር ማድረቅ እንጨት እንደ መግዛት ይቆጠራል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ፍጆታውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

5. ጌሾና ዕቃ

የጌሾ ዋጋ መፍትሔው ጓሮ ነው። ጌሾ አንድ ጊዜ ከጸደቀ ለብዙ ዓመት ቅጠሉም እንጨቱም የሚለቀም ቁጥቋጦ ነው። በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ ሆፕስ በጠፋ ጊዜ ብዙ የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ተክሉን በግቢያቸው ወደ መትከል ዞረዋል። የእኛ እናቶች ይህን ከጥንት ያውቁታል።

የሸክላ ጋን ሲወደድ ብዙዎች ወደ ፕላስቲክ ጄሪካን ይዞራሉ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ፀረ ተባይ፣ ቀለም ወይም ነዳጅ የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ሁለተኛ፣ አንድ ግራም ስኳር ሲፈላ በደብረ ታቦር ግፊት ከአንድ ሦስተኛ ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል፤ ስለዚህ በመፍላት ላይ ያለ ጄሪካን ተጠብቆ አይዘጋ። ሸክላ ግን ውሃ ስለሚያላብና ትነቱ ስለሚያቀዘቅዘው የደረሰ ጠላ ለማቆየት ይመረጣል። ጥንስሱ ሙቀት የሚሻ በመሆኑ ጋኑን በጭድ ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ማኖር ይገባል።

6. ከእስክሪብቶ ቀፎ የሚሠራ መለኪያ

በውጭ አገር የቤት ጠማቂዎች የመፍላቱን መጨረስ የሚያውቁት በሃይድሮሜትር ነው። እኛም ልንሠራው እንችላለን። የእስክሪብቶ ቀፎ ታችኛውን ጫፍና የጎን ቀዳዳውን በሻማ ሰም ድፈኑ፤ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ትንንሽ ምስማር ጨምሩና ላዩን ድፈኑ። በንጹሕ ውሃ ላይ አንሳፍፋችሁ የውሃውን ወለል «0» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያም 10 ግራም ስኳር በ90 ግራም ውሃ እየመጠናችሁ በቂ ብጥብጥ አዘጋጁና በዚያው መንገድ «10» በሉ። በውሃ 12 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ቀፎ በዚህ ብጥብጥ 11.5 ያህል ይጠልቃል፤ የአርኪሜድስ ሕግ ይህ ነው።

ጠላውን አጥልላችሁ፣ አረፋው ከበረደ በኋላ በየቀኑ ለኩ። ንባቡ ሁለት ቀን ሳይለወጥ ከቆየ መፍላቱ አብቅቷል። ከፍ ባለ ንባብ ላይ ከቆመ ግን ብርድ አለያም የእርሾ መድከም አለ፤ ጋኑ ሳይሆምጥጥ አሙቁት።

ጎረቤቴ ዛሬ ብቅላቸውን ራሳቸው ያበቅላሉ፤ ከአጥራቸው ሥርም ጌሾ ተክለዋል። መለኪያዋን ቀፎ የያዘችው ደግሞ 10ኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ናት።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ ገበያ የ1 ኪሎ ገብስና የ1 ኪሎ ስኳር ዋጋ ጠይቁ። በክፍል 3 ባለው ስሌት 100 ግራም አልኮል ከእያንዳንዳቸው በስንት ብር እንደሚገኝ አስሉ። ከገብሱ የሚገኘው ከከፍተኛው መጠን ግማሹ ብቻ ቢሆን መልሳችሁ ይለወጣል?