ሦስተኛዋ ቀዳዳ

ልጆች፣ ከመካከላችሁ ጊታር የሚማሩ ስላሉ የዛሬው ንባባችን ስለ ኮረንቲ ነው።

እቤት ያለውን ሶኬት እዩት። ሁለቱ ረዣዥም ቀዳዳዎች ኮረንቲ ያመላልሳሉ። ክቧ ቀዳዳ ግን የመሬት ሽቦ ናት። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው በእሷ በኩል ይሄድና ብሬከሩ ይቆርጠዋል። እሷ ከሌለች ኮረንቲው ብረቱ ላይ ይቆያል። የጊታሩ ክሮች ደግሞ በገመዱ በኩል ከዚያ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። ክሩን ይዛችሁ ማይክሮፎን ወይም ቧንቧ ብትነኩ ኮረንቲው በእናንተ ውስጥ ያልፋል። የያርድበርድስ ዘፋኝ የነበረው ኪት ሬልፍ በ1976 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ እቤቱ ጊታር ሲጫወት የሞተው የመሣሪያው የመሬት ሽቦ በትክክል ስላልተያያዘ ነው።

ወላጆች፣ አልባኒ ውስጥ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቤቶች አሉ። አሮጌ ቤት ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ሊኖረው ይችላል። ታዲያ ሶኬቱ እምቢ አለ ብላችሁ የስፒናውን ሦስተኛ እግር አትቁረጡ። አዳፕተርም ብቻውን የመሬት ሽቦ አይሆንም። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. የሚባለውን ሶኬት አስገቡ። 5 ሚሊአምፒር ያህል ኮረንቲ ሲያመልጥ ወዲያው ያጠፋል። በ1961 የፈለሰፉት የጎረቤታችን የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ናቸው።

ልጆች፣ ክሩ ትንሽም ቢነዝራችሁ መጫወት አቁሙና ለእማማ ወይም ለአባባ ንገሩ። ሰው ኮረንቲ ከያዘው አትንኩት፤ ብሬከሩ ይጥፋ፣ 911 ይደወል።

ጥያቄ፦
1. ክቧ ቀዳዳ ምን ትሠራለች?
2. እቤታችሁ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ስንት ነው? ሳትነኩ ቆጥራችሁ ለቅዳሜ አምጡ።